ፕሮግራሙን የጣለችው «፪»

ሀዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ላለ ካፌ ደረሰኝ የሚያትም ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሠርቼ ነበር። ትናንት ጠዋት ባለቤቷ ደወለች። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገርህ ስከፍተው ብልጭ ብሎ ይጠፋል።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የማስተካከያ ፋይሉን ስከፍት የቅጂ ብዛት የሚለው ጋ «፪» ተጽፏል። በግዕዝ! በአማርኛ ኪቦርድ ነው የጻፈችው። «ቁጥር ያስገቡ» ብዬ የተውኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ግን እኮ ቁጥር መሆኑን «ኢዝዲጂት» በሚባለው የፓይተን መፈተሻ አስቀድሜ እፈትሽ ነበር። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። «ኢዝዲጂት» ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን እንደ አሃዝ ቆጥሮ ያሳልፋል፤ ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው «ኢንት» ግን አልቀይርም ብሎ ስህተት ይወረውራል፤ ፕሮግራሙም እዚያው ይዘጋል። «፲» ብትጽፍ ኖሮ ገና በሩ ላይ ትመለስ ነበር፤ «፲»ን «ኢዝዲጂት»ም አይቀበላትም።

ፍተሻውን አነሳሁት። አሁን ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዳይዘጋ በሚያደርገው «ትራይ» ውስጥ በቀጥታ «ኢንት» አደርጋለሁ። ካልተቀየረ፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ካልሆነ፣ ፕሮግራሙ 1ን ይይዝና የትኛው መስመር ላይ ምን እንደተጻፈ በአማርኛ ይናገራል። ዝም ብሎ 1 ቢይዝማ ነገ «ለምን አንድ ብቻ ያትማል?» ተብዬ እንደገና ባጃጅ ልይዝ ነው።