የጡረተኛ መምህራን ማኅበር ጥያቄውን እንዴት ያስፈጽማል?

የጡረተኛ መምህራን ማኅበር ሲቋቋም ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሊቀ መንበር ይመረጣል፣ ቀጥሎ ማኅተም ይቀረጻል፤ የአባላቱ የጡረታ አበል ጉዳይ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጡት ይሻላል። ባዶ እጁን ቢሮ የሄደ ኮሚቴ «እናያለን» ተብሎ ይሸኛል። የ30 ሰው ሰነድ አጣርቶ፣ የጎደለውን በቁጥር አስልቶ የሄደውን ግን እንዲሁ መመለስ ያስቸግራል።

ማኅደር ማሰባሰብ

ከእያንዳንዱ አባል የቅጥር ደብዳቤውን፣ የዝውውርና የደረጃ ዕድገት ደብዳቤዎቹን፣ የመጨረሻዎቹን ዓመታት የደመወዝ ማስረጃ፣ የጡረታ መዋጮ መቆረጡን የሚያሳይ ወረቀትና አበሉ የተወሰነበትን ደብዳቤ ቅጂ ውሰዱ። ዋናው ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፤ አንዴ የጠፋ የቅጥር ደብዳቤ ምትክ ላይገኝለት ይችላል። በስልክ ስታነሡ በቀን ብርሃን፣ አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ፣ ማኅተሙና የደብዳቤው ቁጥር ሳይቆረጥ ይሁን።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጽ ማጠቃለያ አዘጋጁ፦ የተቀጠረበት ቀን፣ ጡረታ የወጣበት ቀን፣ በሰነድ የተረጋገጠው አገልግሎት፣ በጡረታ ውሳኔው የተያዘለት አገልግሎት፣ የሁለቱ ልዩነት፣ ስሌቱ የተመሠረተበት ደመወዝ። ዋናው ቁም ነገር ልዩነቱ ላይ ነው። በሰነዶቿ 27 ዓመት ከ8 ወር ያገለገለች መምህርት ውሳኔዋ ላይ 24 ዓመት ከ2 ወር ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የጎደለው 3 ዓመት ከ6 ወር ነው። ሕጉ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የደመወዝ 1.5 በመቶ የሚሰጥ ቢሆን፣ የቀረባት 5.25 በመቶ ነው፤ ያውም በየወሩ፣ ዕድሜ ልኳን።

ይህ ጉድለት በመምህራን ላይ የሚበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። መምህር ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዛወር ማኅደሩ በየመንገዱ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ በኮንትራት ወይም በምትክ ያስተማረበት ጊዜ መዋጮ ሳይቆረጥበት ያልፋል። ለትምህርት የወጣበት ዘመን አገልግሎት ይሁን አይሁን ሳይወሰን ይቀራል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ወይም ከሌላ ጋር ሲዋሐድ መዝገብ ቤቱ ይበተናል። በዚህ ላይ ስም በአንድ ፊደል፣ የልደት ዘመን በአንድ ዓመት ይለያያል። ስለዚህ የጎደለው ዘመን ከየትኛው ትምህርት ቤት ጋር እንደሚገጥም መጀመሪያ ፈልጉ፤ አብዛኛው ጉድለት ከዝውውር ወይም ከኮንትራት ጊዜ ጋር ገጥሞ ይገኛል።

ጉዳዮችን መለየት

የተሰበሰበውን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንደኛው የግለሰብ የመዝገብ ስህተት ነው፤ በማመልከቻና በማስረጃ ይታረማል። ሁለተኛው ትክክለኛ ሕግ በተሳሳተ መንገድ ሲሠራበት ነው፤ ብዙ ሰው ስለሚነካ በጋራ አቤቱታና በይግባኝ ይኬዳል። ሦስተኛው ሕጉ ራሱ ጎጂ ሲሆን ነው፤ ይህ የሕግ አውጪው ሥራ ነው። ሦስቱን በአንድ ደብዳቤ ማጨቅ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። ኃላፊው «ሕጉ ነው፣ ከእኛ አቅም በላይ ነው» ሲል በቀላሉ ሊታረም ይችል የነበረው የመዝገብ ስህተትም አብሮ ይወድቃል።

ሦስተኛው ምን ያህል ዕድሜ እንደሚበላ ለማወቅ አሜሪካን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1983 የወጡ ሁለት ድንጋጌዎች የብዙ ጡረተኛ መምህራንን የማኅበራዊ ዋስትና አበል ሲቀንሱ ኖረው፣ የተሻሩት ጥር 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ነው። በመሆኑም ከአንደኛው ጀምሩ። የሦስት አራት ሰው አበል ሲስተካከል ሌላው በራሱ ይመዘገባል።

ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለው፤ ብዙ ጊዜም የሚቆጠረው ውሳኔው ለባለጉዳዩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ነው። አባላት ደብዳቤ በተቀበሉበት ዕለት ቀኑን ጽፈው እንዲፈርሙበት አስለምዷቸው።

ስሌትና መነሻ

የአበል ጭማሪ ስትጠይቁ «ኑሮ ተወደደ» ማለት ማንንም አያንቀሳቅስም፤ ኃላፊውም ገበያ ይወጣል። በቁጥር አሳዩ፦ ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ እየጨመረ አበል ካልተነካ፣ የመጀመሪያው 100 ከአምስት ዓመት በኋላ የሚገዛው የ50 ያህል ነው። የአገራችሁን ይፋዊ የዋጋ ግሽበት አኃዝ በዚህ ስሌት አስገቡ።

ከዓለም አቀፍ ሰነዶች ሦስቱን ማወቅ ይጠቅማል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 102፣ 30 ዓመት አገልግሎት ወይም መዋጮ ላለው ባለትዳር ጡረተኛ ቢያንስ የደመወዝ 40 በመቶ ያስቀምጣል፤ የ1967ቱ ቁጥር 128 ወደ 45 ከፍ ያደርገዋል። አገሪቱ አጽድቃው እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ካላጸደቀችው እንደ ግዴታ አታቅርቡት፤ እንደ ማነጻጸሪያ ብቻ ጥቀሱት። ጥቅምት 5 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የጸደቀው የመምህራን ደረጃ ምክረ ሐሳብም እንዲሁ አስገዳጅ አይደለም።

ደብዳቤና ቀጠሮ

ደብዳቤው አንድ ገጽ፣ ጥያቄው አንድ፣ የሚጻፍለትም ሊወስን የሚችለው ሰው ይሁን። ማስረጃው በአባሪነት ይያያዝ። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና በአንዱ ላይ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን አስመቱ። መልስ ሲዘገይ በዚያው ቁጥር ተከታተሉ፤ አዲስ ደብዳቤ መጻፍ ጉዳዩን እንደገና ከወረፋው ጫፍ ሊያሰልፈው ይችላል።

ቀጠሮ ላይ ሦስት ሰው ይበቃል፦ የሚናገር፣ ሰነድ የሚያቀብል፣ የሚጽፍ። ተናጋሪው ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። መምህር በክፍለ ጊዜ መጠን መናገር ስለለመደ ይህ ልምምድ ይፈልጋል፤ ልምምዱን ቤት ጨርሱት። በዚያው ዕለት «በዛሬው ውይይት በዚህ ነጥብ ላይ እስከዚህ ቀን ምላሽ እንደሚሰጠን ተገልጾልናል» የሚል አጭር ደብዳቤ አስገቡ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ኃላፊው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።

ስለ ደንቡ

የመሥራቾች ብዛትና የምዝገባው ሥርዓት በየአገሩ ሕግ ይለያያልና እሱን አንብባችሁ አሟሉ። ብዙ ማኅበራትን የሚያሽመደምደው ምልዓተ ጉባኤ ነው። አባላቱ አረጋውያን ናቸው፤ ይታመማሉ፣ ሩቅ ይኖራሉ። «ግማሽ ሲደመር አንድ» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ጉባኤው ዓመት ከዓመት ሳይሟላ ይበተናል። ሕጉ ከፈቀደ በሁለተኛው ጥሪ በተገኘው ሰው ይወሰን የሚል አንቀጽና የውክልና ድምፅ አስገቡ። የባንክ ሒሳቡ ከሦስት ፈራሚዎች በሁለቱ ይንቀሳቀስ። መዋጮ ከአበል ላይ የሚቆረጠው በአባሉ የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ ይሁን።

የአባላት የጡረታ መለያና የባንክ ቁጥር በቴሌግራም ቡድን አይለጠፍ። «ጡረታ እናስጨምራለን» የሚሉ ደላሎች የሚያድኑት ይህንን ነው።

የሞቱ መምህራንን ባሎችና ሚስቶች በአባልነት ተቀበሉ፤ የተተኪ አበል ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጋብቻ ማስረጃ መጓደል ነው። ጡረታ ሊወጡ አምስት ዓመት የቀራቸውንም በተባባሪ አባልነት መዝግቧቸው። የስም፣ የልደት ዘመንና የኮንትራት ጊዜ ጉድለት መምህሩ ሥራ ላይ እያለ፣ አሠሪውና የሥራ ባልደረቦቹ በአካል እየተገኙ የሚታረምበት ጊዜ ይኸው ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን መድባችሁ ማኅደራቸውን ከነዋናው ይዘው ይምጡ፤ ማጠቃለያውን አብራችሁ ሙሉላቸው፣ የጎደለውን ደብዳቤም በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤቱ እንዲጠይቁ አድርጉ።