ገና በጠዋቱ «ናቹራል ወይስ ሶሻል?» የልጆችን መስክ ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

10ኛ ክፍል ሲያልቅ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ ይታወቃል፤ ልጁ ናቹራል ይግባ ወይስ ሶሻል? አሁን አሁን ግን ጥያቄው ወደ ታች ክፍሎች እየወረደ ነው። ገና 5ኛ ክፍል ያለችን ልጅ «እሷ የሒሳብ ልጅ አይደለችም» የሚል ወላጅም መምህርም አይጠፋም። ልጆች ዝንባሌያቸውን ተከትለው ቢማሩ ደስ ይለኛል። 16 ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በር ሲዘጋባቸው ግን ያመኛል።

የካርድ ውጤትን እንደ ተሰጥኦ መቁጠር

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። ፊዚክስ 48 ያመጣ ልጅ «ጭንቅላቱ አይቀበለውም» ተብሎ ይፈረድበታል። ግን 48ቷ ከምን መጣች? በብዙ ቦታ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲማሩ ቆይተው 9ኛ ክፍል ላይ፣ አንዳንድ ቦታም ቀደም ብሎ፣ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርባቸዋል። ጥያቄው ያልገባውም ፊዚክሱ ያልገባውም ልጅ እኩል 48 ሊያመጡ ይችላሉ።

ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። የተሳሳተውን አንድ ጥያቄ አንሱና በቤታችሁ ቋንቋ ንገሩት። «አንድ መኪና ከቆመበት ተነስቶ በ5 ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር ቢደርስ፣ በየሰከንዱ በስንት ጨመረ?» በሉት። ቶሎ «በ4» ብሎ ከመለሰላችሁ የጎደለው እንግሊዝኛው ነው፤ እሱን አግዙት። ግራ ከገባው ደግሞ ዓመቱን እንዴት እንደተማረ ጠይቁት። መምህር ሲቀያየርበት የከረመና ቤተ ሙከራውን ተቆልፎ ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ዝንባሌው ገና አልተሞከረም።

ጎበዙን ለናቹራል፣ ደከም ያለውን ለሶሻል መመደብ

ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ70/30 የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ይሄን አመለካከት አጠናክሮታል። ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ሲባል፣ ሶሻል የተረፉት የሚገቡበት መሰለ። ታሪክ ሲያነብ የሚያመሽ ጎበዝ ልጅ ሶሻል ልግባ ሲል ቤተሰቡ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። ዳኛ፣ ጠበቃ፣ የኢኮኖሚ ባለሙያ የሚሆነው ታዲያ ማን ነው?

ከሒሳብ ለማምለጥ ሶሻል መግባት

ሒሳብ እዚያም አለ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሶሻሎችም ሒሳብ ይፈተናሉ። ኢኮኖሚክስም ያለ ሒሳብ አይገፋም። የሸሸው ልጅ ሒሳብን እዚያው ያገኘዋል፣ ሕክምናና ምህንድስና ግን ያመልጡታል።

«ያደጉት አገሮችም በልጅነት ነው የሚለዩት» ብሎ መከራከር

ጀርመን በአብዛኞቹ ግዛቶቿ ልጆችን 4ኛ ክፍል ሲጨርሱ፣ በ10 ዓመት ገደማ፣ በተለያየ ዓይነት ትምህርት ቤት ትለያቸዋለች። በርሊንና ብራንደንቡርግ እስከ 6ኛ ክፍል ይቆያሉ። እዚያም ቢሆን የተማረ ወላጅ ያላቸው ልጆች ወደ ጂምናዚየም (ለዩኒቨርሲቲ ወደሚያዘጋጀው ትምህርት ቤት) የመግባት ዕድላቸው የሰፋ መሆኑ ሲያከራክር የኖረ ነው። ፊንላንድ ደግሞ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ይሄንን መለያየት ትታ ልጆቿን ለ9 ዓመት አብራ ማስተማር ጀመረች። ጀርመን ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጀርመንኛ ገና እየለመደ ከሆነ መምህሩ ጋ ሄዳችሁ ይሄንኑ ተናገሩ። በኋላ ወደ ጂምናዚየም የሚያሻግር መንገድ ስላለም ጠይቁ።

ተሰጥኦን ለማሳደግ ሌላውን ማስጣል

ተሰጥኦ እስኪያድጉ ይቆይ ማለቴ አይደለም፤ በጊዜ ይታይ። በቆጂ ውስጥ የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የልጆችን ሩጫ አስተውለው አሰልጥነዋል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በኋላም ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከእጃቸው አልፈዋል። ሥዕል የሚወድ ልጅም ክበብ፣ ቀለምና የሚያየው መምህር ይፈልጋል። ለዚህ ሲባል ባዮሎጂ መተው የለበትም።

ልጁን ሳይጠይቁ መወሰን

«ዶክተር ነው የምትሆነው» ከማለት በፊት፣ ማንም ሳያዘው የሚከፍተው ደብተር የትኛው እንደሆነ እዩ። ትምህርት ቤቱንም ከምዝገባ በፊት ጠይቁ፤ ልጄ ሐሳቡን ቢቀይር መዛወር ይችላል? እስከ መቼ ድረስ?