ሙስታንግን ከአውቶማቲክ ወደ ማንዋል ከቀየራችሁ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በ1965 እና በ1966 (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት ባለ ቪ8 ፎርድ ሙስታንጎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት ሲ4 በሚባል ባለ ሦስት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ወደ ማንዋል ሲቀየሩ በብዛት የሚገባላቸው ቲ5 የሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ነው፤ ከ1983 እስከ 1993 በተሠሩት ሙስታንጎች ላይም ስለነበረ አሜሪካ ውስጥ ከአሮጌ መኪና መፍቻ ግቢዎች ይገኛል። በፍሪሲዮን መንዳት ለለመደ ሰው 289 ሞተር (ቁጥሩ በኪዩቢክ ኢንች መጠኑ ነው) ከአምስት ማርሽ ጋር ልዩ ደስታ አለው። ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከቅየራው በኋላ መኪናው ሲያስቸግር ግን ሁሉም ሰው የሚጠረጥረው ካምቢዮውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የካምቢዮው አይደለም። ወይ ከአውቶማቲኩ የተረፈ ሽቦ፣ ቱቦ ወይም ዘንግ ነው፤ ወይ ደግሞ ዘመናቸው የማይገናኝ ዕቃዎች ቡሎናቸው ስለገባ ብቻ አብረው ታስረዋል። ካምቢዮውን እንደገና ማውረድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ፣ ወገብ የሚሰብር ሥራ ስለሆነ ከዚያ በፊት በውጭ በኩል የሚፈተነውን ሁሉ ፈትኑ።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ዝም ይላል

ባትሪው ሙሉ ነው፣ የፊት መብራቱ ደምቆ ይበራል፣ ቁልፉ ሲዞር ግን ሞተሪኖው ቃ አይልም። ሲ4 ያለው መኪና የሚነሳው እጀታው ፒ ወይም ኤን ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ያንን የሚቆጣጠረው ስዊች ከአሮጌው ካምቢዮ ጋር ወጥቷል፣ ሽቦዎቹ ደግሞ ተንጠልጥለው ቀርተዋል፤ ስለዚህ የሞተሪኖው መስመር መሃል ላይ ተቆርጧል ማለት ነው። ቀይ ሆነው ሰማያዊ መስመር ያለባቸውን ሁለቱን ሽቦዎች ፈልጉ። ካምቢዮው ፎሌ መሆኑን አረጋግጣችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ለጊዜው ብታገናኟቸው ሞተሪኖው ይዞራል።

እንደዚያ አገናኝቶ መተው ግን መፍትሄ አይደለም። መኪናው አሁን ማርሽ ውስጥ ሆኖም ይነሳል፤ ውጭ የቆመ ሰው በመስኮት እጁን አስገብቶ ቁልፉን ቢያዞር መኪናው ይዘላል። ሁለቱን ሽቦዎች የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለል ሲነካ በሚዘጋ ስዊች በኩል አሳልፏቸው። ርካሽ ዕቃ ነው፣ የሚገጠመውም ከዳሽቦርዱ ስር ነው። ለነገ አታሳድሩት።

እዚያው ሽቦዎቹ ዘንድ እያላችሁ የኋላ ማርሽ መብራቱንም ጨርሱ። ከሙስታንግ የወጡ አንዳንድ ቲ5ዎች ሁለት ስዊች አላቸው፤ አንዱ የኋላ ማርሽን፣ ሌላው ፎሌን ነው የሚያውቀው። ነጩ መብራት መኪናው ፎሌ ላይ ቆሞ እያለ ከበራ ሽቦውን የሰካችሁት ከማይሆነው ስዊች ነው።

ሞተሪኖው ይዞራል፣ ግን ጥርሱ ይፋጫል

መጀመሪያ በሞተሩና በካምፓናው (ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚያገናኘው ቤት) መካከል የምትገባው ስስ ላሜራ መኖሯን እዩ። ሞተሪኖው ቦታውን የሚይዘው በእሷ ነው፤ ከሌለች፣ ወይም የአውቶማቲኩ ከቀረች፣ ጥርሱ አጋድሎ ይገባል። ቀጥሎ የቮላኖውን (ከክራንክ ሻፍቱ ኋላ የሚታሰረውን ከባድ ክብ ብረት) ጥርስ ቁጠሩ። ባለ 157 ጥርስ ቮላኖ ከትንሹ ካምፓና ጋር፣ ባለ 164 ከትልቁ ጋር ነው የሚሄደው። ሞተሪኖውም የማንዋል መሆን አለበት፤ የአውቶማቲኩ አፍንጫ ርዝመቱ የተለየ ስለሆነ ጥርሱ ወይ አይደርስም ወይ ይሻገራል።

መኪናው ይንቀጠቀጣል

መንቀጥቀጡ ከሞተሩ ዙር ጋር ነው የሚጨምረው ወይስ ከመኪናው ፍጥነት ጋር? ይህን ሳትለዩ አንድም ቡሎን አትፍቱ። መኪናውን አቁሙ፣ ፎሌ አድርጉ፣ ሞተሩን ቀስ እያላችሁ እስከ 2,500 ዙር ውሰዱት። መሪውና ወንበሩ እዚያው ቆሞ ከተንቀጠቀጡ ጎማና ካርዳን ዘንግ ነጻ ናቸው። ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ ድገሙት። ያው ከሆነ ካምቢዮውም ነጻ ነው፤ የቀረው ቮላኖው ነው።

የ289 ክራንክ ሻፍት ሚዛኑን የሚጠብቀው ብቻውን አይደለም። ከኋላ በቮላኖው፣ ከፊት በዳምፐሩ (በክራንክ ሻፍቱ ፊት ጫፍ በታሰረው ክብ ብረት) ላይ ሆን ተብሎ ወደ አንድ ጎን በተደረገ ክብደት ይታገዛል። ያ ክብደት ለ289 እና ለቀድሞው 302 ሞተር 28 አውንስ ነው። ፎርድ በ1980ዎቹ መጀመሪያ 5.0 ብሎ በሚጠራው የ302 ሞተር ላይ ወደ 50 አውንስ ለወጠው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ቲ5ቱን ከ1990 ሙስታንግ ላይ ከነቮላኖው ይገዛል፤ ስድስቱም ቡሎኖች ልክ ይገባሉ፣ ጥርሱ 157 ነው፣ ሞተሪኖው በትክክል ይነክሰዋል፣ በዓይን የሚታይ ምንም ጉድለት የለም። ሞተሩ ሲነሳ ግን የማርሽ ዘንጉ ጭንቅላት በዓይን እስኪታይ ይርገፈገፋል። እንዲሁ ሲነዳ ከቆየ የክራንክ ሻፍቱን ኩሽኔታዎች ይበላል።

ካምቢዮውን አውርዳችሁ 28 አውንስ የሆነ ቮላኖ አስገቡ፤ ሌላ አቋራጭ የለውም። ከማዘዛችሁ በፊት ግን በመኪናው ላይ ያለው ሞተር የመጀመሪያው መሆኑን አረጋግጡ፤ በስልሳ ዓመት ውስጥ ያለፈ ባለቤት 5.0 ሞተር ጨምሮበት ከሆነ የሚያስፈልገው 50ው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ከሲ4ቱ ጋር ያወጣችሁት ፍሌክስ ፕሌት፣ ማለትም በአውቶማቲክ ላይ በቮላኖ ፈንታ ያለው ስስ ሳህን፣ ነው። ሞተሩ በእሱ ሳይንቀጠቀጥ ይዞር ከነበረ ትክክለኛው ሚዛን እሱ ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ አትጣሉት። ሞተር የሚያድስ ቤት አዲሱን ቮላኖ ከእሱ ጋር አመሳክሮ ሊያስተካክልላችሁ ይችላል። ቮላኖው ሲታሰር የቮላኖ ቡሎን ተጠቀሙ፣ የፍሌክስ ፕሌቱን አትመልሱ፤ የሚታሰረውም ከ75 እስከ 85 ፉት ፓውንድ ነው።

ቆሞ ደህና ሆኖ በሰዓት ከ50 ማይል በላይ ሲሄድ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ካርዳን ዘንጉ ሂዱ። የካምቢዮው መያዣ ትራቨርሳ ከሲ4ቱ የተለየ ስለሆነ የካምቢዮው ጅራት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊቀር ይችላል። የካምቢዮው ጅራትና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ በአንግል መለኪያ ለክታችሁ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ከበለጠ ትራቨርሳው ላይ ላሜራ እየጨመራችሁ አስተካክሉ። የሲ4ቱ ካርዳን ዘንግ ባለ 28 መስመር ሹካው ቲ5 ውስጥ ስለሚገባ ብዙ ጊዜ እሱው ያገለግላል። ሹካው እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ገብቶ ከሆነ ግን አጭር ዘንግ ያስፈልጋል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መንቀሳቀሻ ካልቀረለት ጉድጓድ በገባችሁ ቁጥር ካምቢዮውን ከኋላ ይመታዋል።

ማርሽ አልገባም ይላል፣ ወይም ይጮኻል

ሞተሩን አጥፉና አምስቱንም ማርሽ አስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለም ከጠነከረ ጉዳዩ የማርሽ ዘንጉ ወይም ዘይቱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እንደ ቅቤ ገብቶ፣ ሲነሳ ብቻ እምቢ ካለ ጉዳዩ ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም።

ፍሪሲዮኑን ለማረጋገጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የኋላውን በክሪክ አንሱ፣ መደገፊያ ብረት ከስሩ አስገቡ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ያዙ። ሞተሩ ጠፍቶ አንደኛ ማርሽ አስገቡ። አንዱ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ይርገጥ፣ ሌላው ከስር ሆኖ ካርዳን ዘንጉን በእጁ ያዙር። ከዞረለት ፍሪሲዮኑ ይለቃል። ካልዞረለት በካምፓናው መመልከቻ ቀዳዳ በባትሪ መብራት ሸራውን ተመልከቱ፤ ፔዳሉ ተረግጦ እያለ ሸራው ከቮላኖው ርቆ ቀጭን ክፍተት መታየት አለበት።

ክፍተት ካልታየ ችግሩ ከፔዳሉ ካምፓናው ውስጥ ፍሪሲዮኑን እስከሚገፋው ሹካ ባለው መንገድ ላይ ነው። የ65ቱና የ66ቱ ሙስታንግ ፍሪሲዮን የሚሠራው በዘንግና ዜድ ባር በሚባል ተሻጋሪ ብረት ነው። ዜድ ባሩ በአንድ በኩል ሞተሩ ላይ፣ በሌላ በኩል ሻሲው ላይ ያርፋል፤ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ከሆነ ክንዶቹ ብየዳቸው ጋ ይሰነጠቃሉ፣ ጫፎቹ ላይ ያሉት ቦኮላዎችም ያልቃሉ። ረዳታችሁ ሲረግጥ ዜድ ባሩን እዩት፤ መዞር ትቶ ከታጠፈ፣ ወይም የሻሲው መያዣ ከተንቀሳቀሰ፣ የእግሩ ጉልበት እዚያ ቀልጦ እየቀረ ነው። መጠናከር ወይም መቀየር አለበት። ዜድ ባሩ ጤነኛ ከሆነ የፔዳሉን ነጻ ጉዞ አስተካክሉ፤ ከላይ አንድ ኢንች ያህል ባዶ ሄዶ ከዚያ መክበድ አለበት። ባዶው ከበዛ ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ሁልጊዜ እየተጫነ ቶሎ ያልቃል፣ ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል።

ክፍተቱ ታይቶም ካርዳን ዘንጉ ካልዞረ የሚቀረው ፓይለት ቦኮላው ነው። ይህ ከክራንክ ሻፍቱ መሃል ገብቶ የካምቢዮውን ግቢ ዘንግ (ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚያስገባውን) ጫፍ የሚይዝ ትንሽ ቀለበት ነው። የአውቶማቲክ መኪና ቦኮላ አያስፈልገውም፤ ቀዳዳው ላይ የሚያርፈው የቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፈንታ ጉልበት የሚያስተላልፈው ክፍል) አፍንጫ ነው። ስለዚህ በእናንተ ሞተር ላይ ቀዳዳው ባዶ ነው፣ አዲሱ ቦኮላ መግባት አለበት። ሳይገባ የተረሳ ካለ ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ግቢ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ከካምፓናውም የማያቋርጥ ጩኸት ይሰማል። ጠቦ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር አጣብቆ ያዞረዋል። ሌላም አለ፦ ካምቢዮው በአዳፕተር ሳህን ላይ ከታሰረ በሳህኑ ውፍረት ልክ ወደ ኋላ ሄዷልና፣ የዘንጉ ጫፍ በቂ ርቀት ቦኮላው ውስጥ መግባቱን ከመግጠማችሁ በፊት ለኩ።

ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ማርሹ ከጠነከረ ዘይቱን አፍስሳችሁ አሽትቱት። ከ1985 ጀምሮ ሙስታንግ ላይ የገባው ወርልድ ክላስ ቲ5 የሚጠጣው ዴክስሮን ወይም መርኮን የአውቶማቲክ ዘይት ነው፣ መጠኑም 2.65 ሊትር አካባቢ። ማንዋል ስለሆነ ብቻ ወፍራም የማርሽ ዘይት የሚሞላ ሰው ሲንክሮ ቀለበቶቹን (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስሉትን) ይጎዳል፤ በተለይ ጠዋት በብርድ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም የሚለው ከዚህ ነው።

ማርሽ ይተፋል

ሦስተኛ ወይም አምስተኛ ላይ እየሄዳችሁ ዘንጉ ራሱ ወደ ፎሌ ከተመለሰ በመጀመሪያ ጎማ ሽፋኑን አንሱና ዘንጉ የወለሉን ቀዳዳ ጠርዝ እንደሚነካ እዩ። ቀዳዳው የተቆረጠው ለአውቶማቲክ እጀታ ነው፤ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ላሜራው ያግደዋል። ጠርዙን ቁረጡ፣ አለቀ።

ካልነካ ካምፓናውን ጠርጥሩ። ካምፓናው ከክራንክ ሻፍቱ መሃል ጋር እኩል ካልሆነ ግቢ ዘንጉ ጎብጦ ይሠራል፣ ማርሹንም ይተፋል፣ ኩሽኔታውንም ያኝካል። ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ቮላኖው ላይ አስራችሁ የካምፓናውን መሃል ቀዳዳ ዙሪያውን ለኩ፤ አጠቃላይ ንባቡ ከ0.005 ኢንች መብለጥ የለበትም። ከበለጠ መሃላቸው የተዛነፈ ዳውል ፒኖች (ካምፓናውን ቦታውን የሚያስይዙ አጫጭር ብረቶች) ይሸጣሉ፣ በእነሱ ይስተካከላል። ካምቢዮው አልገባም ሲል በቡሎን ጎትቶ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የአሉሚኒየሙ ጆሮ ይሰበራል።

ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ይንገዳገዳል

ከቅየራው በፊት ጸጥ ብሎ ይሠራ የነበረ ሞተር አሁን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከፍ ዝቅ ይላል፣ ፉጨትም ይሰማል። ካርቡራቶሩን አትንኩ። ሲ4 ሞዱሌተር የሚባል ክፍል ነበረው፤ ወደ እሱ ከማኒፎልዱ የሚሄድ የቫኪዩም ቱቦ አለ። ካምቢዮው ሲወጣ ቱቦው ክፍት ቀርቶ አየር ይስባል። ከማኒፎልዱ ላይ ነቅላችሁ ቀዳዳውን በደህና ክዳን ድፈኑ። ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር የተያያዘውን የኪክዳውን ዘንግም (አውቶማቲኩን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ የሚያወርደውን) ሙሉ በሙሉ አውጡ። ተንጠልጥሎ ከቀረ ነዳጁን ተከፍቶ እንዳለ ሊያስቀረው ይችላል፤ ይህ ሕይወት የሚነካ ነገር ነው። ራዲያተሩ ስር ያሉት ሁለቱ የአውቶማቲኩ ዘይት ቧንቧ አፎች ክዳን ብቻ ይበቃቸዋል።

ዳገት ላይ የቆመው መኪና ይንሸራተታል

ፒ የለም። ለዓመታት መኪናውን ይዞ የኖረው እሱ ስለነበረ የእጅ ፍሬኑ ካቦ ተለጥጦ ወይም ዝጎ መገኘቱ የተለመደ ነው። ቅየራው ሳያልቅ ካቦውን ቀይሩ፣ የኋላ ፍሬን ሸራዎቹንም አስተካክሉ።

አምስተኛ ማርሽ ጉልበት የለውም

አውቶማቲኮቹ ብዙ ጊዜ 2.80 ወይም 3.00 ዲፈረንሻል (ጎማው አንዴ ሲዞር ካርዳን ዘንጉ የሚዞረው ብዛት) አላቸው፤ ቁጥሩ ዲፈረንሻሉ ላይ በቡሎን የታሰረች ትንሽ ቆርቆሮ ላይ ይገኛል። የቲ5 አምስተኛ 0.68 ስለሆነ በ2.80 ሲባዛ 1.90 ይሆናል፣ ሞተሩ በሰዓት በ60 ማይል ከ1,600 ዙር በታች ሆኖ ያቃስታል። በ3.50 ግን 2.38 ሆኖ 2,000 ዙር አካባቢ ይቀመጣል። ዲፈረንሻሉን ለመቀየር ገንዘቡ እስኪገኝ አምስተኛውን ለረጅም ሜዳ ብቻ ተዉት፤ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አታስጨንቁት።

ዲፈረንሻሉ ሲቀየር የፍጥነት መለኪያውም ይሳሳታል። በስልክ ጂፒኤስ 50 ማይል ስትሄዱ መለኪያው 55 ካለ፣ ካቦው ጫፍ ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ጥርስ ቁጥር በ55 አባዙና ለ50 አካፍሉ። ባለ 19 ከሆነች 20.9 ይመጣል፤ ባለ 21 ግዙና ግጠሙ።