ልጆችን ሒሳብ በጽሑፍ ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንንሽ ልጆች ሒሳብ ሲሠሩ ያሰቡትን በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ማድረግ ትልቅ ጥቅም አለው። መልሱ ብቻውን የማያሳየውን አስተሳሰብ ጽሑፉ ያወጣዋል። ካላወቅንበት ግን ልጁን ከሒሳቡም ከጽሑፉም እናርቀዋለን።

ከሁሉ የሚከፋው ፊደል ማረም ላይ መጠመድ ነው። አንድ ልጅ 52 − 27 = 35 ብሎ ሠራ እንበል። እንዴት እንደሠራው ሲጠየቅ «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም፤ ስለዚህ ከ7 ላይ 2 ቀነስኩ» ብሎ ይጽፋል። ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ችግሩ የት እንዳለ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች፦ መቀነስ ያውቃል፤ ያልገባው ከአሥር ቤት መበደር ነው። የእኛ ዓይን በተሳሳተው ፊደል ላይ ካረፈ ግን ዋናው ነገር ያመልጠናል። ልጁም ከዚያ በኋላ አጻጻፋቸውን የሚያውቃቸውን ቃላት ብቻ እየመረጠ ሁለት ቃል ጽፎ ያቆማል። የፊደሉ እርማት ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ይቆይ።

ሌላው ሳይነጋገሩበት «ጻፍ» ማለት ነው። መጀመሪያ በጠጠር ይቁጠር፣ በአፉ ይናገር፣ ይሣል። መጻፍ ያልጀመረ ልጅ ሥዕሉ ጽሑፉ ነው፤ የሚናገረውን ከሥሩ እኛ ልንጽፍለት እንችላለን። 3ን ገልብጦ ቢጽፍም አንደንግጥ፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

«"ይበልጣል" ካለ ደምር፣ "ቀረ" ካለ ቀንስ» እያሉ ማስጠናትም ጎጂ ነው። «አንዲት ልጅ 8 እርሳስ አላት፤ ከወንድሟ በ3 እርሳስ ትበልጣለች። ወንድሟ ስንት አለው?» ሲባል በዚህ የለመደ ልጅ 11 ይላል፤ መልሱ ግን 5 ነው። ይልቅ 8 − 3 የሚሠራበትን ታሪክ ራሱ ይጻፍ። ታሪክ መፍጠር የቻለ ልጅ ስሌቱ ገብቶታል።

የተዘጋጀ ማብራሪያ ከሰሌዳ ማስገልበጥ ደግሞ የእጅ ጽሕፈት ልምምድ እንጂ ሒሳብ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ማብራሪያ የምንጠይቀው ልጁ ሲሳሳት ብቻ ከሆነ፣ «ለምን?» ማለት «ተሳስተሃል» ማለት ይመስለዋል። ትክክል ሲሠራም እንጠይቀው። ለምሳሌ 8 + 4 = □ + 5 ስንሰጥ ብዙ ልጆች 12 ይሞላሉ፤ የእኩል ምልክቱን «መልሱን እዚህ ጻፍ» ማለት አድርገው ስለሚያዩት ነው። 12 ያለውም 7 ያለውም ምክንያቱን ይጻፍ፤ ከዚያ ደብተር ተለዋውጠው ያንብቡ።