ሰርቮ ሞተርን በፒኤልሲ ፐልስ ማዘዝ፦ ከሒሳቡ እስከ ስህተት ፍለጋው

ሰርቮን (ቦታውንና ፍጥነቱን በትክክል የሚቆጣጠሩት ሞተር) ከፒኤልሲ (ማሽን ከሚያዝ ፕሮግራም የሚደረግለት መቆጣጠሪያ) ጋር ለማሠራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው የላደር ፕሮግራሙን፣ ማለትም በመሰላል መልክ የሚሳለውን የፒኤልሲ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ማሽኑ የተሳሳተ ቦታ ላይ የሚቆመው በአብዛኛው ቀድሞ ባልተሠራ ሒሳብ ወይም በተሳሳተ ሽቦ የተነሳ ነው። እዚህ የምናየው በአነስተኛ ፒኤልሲዎች የተለመደውን፣ በአንዱ መስመር ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት)፣ በሌላው መስመር የአቅጣጫ ምልክት የሚላክበትን ዘዴ ነው።

የፐልሱ ብዛት ርቀቱን፣ በሰከንድ የሚላከው መጠን ደግሞ ፍጥነቱን ይወስናል። የኢንኮደሩ (የሞተሩን መዞር የሚቆጥረው መሣሪያ) ኬብል የሚሄደው ወደ ድራይቩ፣ ማለትም ፐልሱን ተቀብሎ ሞተሩን ወደሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ቢቆም ወይም ቢያፈነግጥ፣ ፒኤልሲው ከድራይቩ ምልክት ካልደረሰው በቀር አያውቅም።

የሚያስፈልገው ትራንዚስተር አውትፑት ያለው ፒኤልሲ ነው። ሪሌይ አውትፑት ያለው አይሆንም፤ ሪሌይ ለመዝጋት ብቻ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ እዚህ ደግሞ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፐልስ ይላካል።

ሒሳቡ

አንድ ዙር ሲዞር 10 ሚሊሜትር የሚገፋ ቦል ስክሩ (መዞርን ወደ ቀጥታ እንቅስቃሴ የሚለውጥ ብሎን) በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል እንበል። ኢንኮደሩ 17 ቢት ነው፤ በአንድ ዙር 131072 ይቆጥራል። አንድ ፐልስ 1 ማይክሮን እንዲሆን ከተፈለገ በዙር 10000 ፐልስ ያስፈልጋል። በድራይቩ ኤሌክትሮኒክ ጊር (ፐልስን ወደ ኢንኮደር ቆጠራ የሚቀይር ክፍልፋይ) ላይ ከላይ 131072፣ ከታች 10000 ይገባል፤ ሲቀለል 8192 ለ625 ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ፍጥነቱን ያስሉ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ከሆነ በሰከንድ 50 ዙር ነው፤ በ10000 ሲባዛ 500 ኪሎኸርትዝ ይመጣል። የብዙ አነስተኛ ፒኤልሲዎች ጣሪያ 100 ኪሎኸርትዝ ነው። በዚህ ጊር ሞተሩ በደቂቃ ከ600 ዙር አያልፍም፤ ማሽኑም በሰከንድ 100 ሚሊሜትር ላይ ይቀራል። ጊሩን 8192 ለ125 ቢያደርጉት በዙር 2000 ፐልስ ይበቃል፤ ፍጥነቱ ይመለሳል፣ አንድ ፐልስ ግን 5 ማይክሮን ይሆናል። ሥራው ምን ያህል ጥራት እንደሚፈልግ ሳያውቁ ትንሿን እርምጃ መምረጥ ፍጥነትን በከንቱ መጣል ነው።

ሽቦው

መብራቱን ካጠፉ በኋላ የድራይቩ ቻርጅ መብራት እስኪጠፋና በመመሪያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ እስኪያልፍ ተርሚናሎቹን አይንኩ። የሞተሩን ሦስት ፌዞች በፊደላቸው መሠረት ያገናኙ። በተራ ሞተር እንደሚደረገው አቅጣጫ ለመቀየር ሁለቱን ማለዋወጥ እዚህ አይሠራም፤ ሞተሩ ይርገፈገፋል ወይም ወዲያው አላርም ይመጣል። አቅጣጫ የሚቀየረው በፓራሜትር ነው።

ፒኤልሲው ፒኤንፒ (አውትፑቱ 24 ቮልት የሚያወጣ) ከሆነ አውትፑቱ ወደ ፐልስ ግብዓቱ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ወደ 0 ቮልት ይሄዳል። ኤንፒኤን (አውትፑቱ ወደ 0 ቮልት የሚያገናኝ) ከሆነ 24 ቮልቱ ወደ ፖዘቲቩ፣ አውትፑቱ ወደ ኔጋቲቩ ይገባል። የድራይቩ ፐልስ ግብዓት ለ5 ቮልት የተሠራ ከሆነ በ24 ቮልት ሲያሠሩት በየመስመሩ 2 ኪሎ ኦም፣ ግማሽ ዋት ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡ፤ አለበለዚያ የውስጡ ኦፕቶካፕለር (ምልክቱን በብርሃን የሚያሻግረው አካል) ይቃጠላል። ለ24 ቮልት የተለየ ፒን ካለው ሬዚስተሩ ውስጡ ስለሆነ ሌላ አይጨምሩ።

የፐልስ ኬብሉ የተጠማዘዘና ሺልድ ያለው፣ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን፤ ከሞተር ኬብል ጋርም በአንድ ቱቦ አይሂድ። የጫፍ ሊሚት ስዊቾችን በኖርማሊ ክሎዝድ (ሳይነኩ ዝግ በሆነው) ግንኙነት ያገናኙ፤ ሽቦ ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው የድራይቩን ኃይል በሃርድዌር ይቁረጥ እንጂ በፕሮግራም ብቻ አይታመን።

የመጀመሪያው እንቅስቃሴ

ሞተሩ ከማሽኑ ሳይያያዝ ከድራይቩ ፓነል በዝግታ ያዙሩት። ከዚያ የፐልሱን ዓይነት በፓራሜትር ከፒኤልሲው ጋር ያስማሙ። ሞተሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይህ አልተስማማም፣ ወይም የአቅጣጫ መስመሩ አልደረሰም። አንድ ዙር የሚያህል ፐልስ ልከው ዘንጉ ላይ ያደረጉት ምልክት በትክክል ቦታው መመለሱን ይዩ። ጊሩ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነው።

በፕሮግራሙ ውስጥ ቅደም ተከተሉ ሰርቮ ኦን፣ ዝግጁ ምልክትን መጠበቅ፣ ሆም ማድረግ (የመነሻ ቦታውን ፈልጎ ዜሮ ማድረግ)፣ ከዚያ ወደ ፍጹማዊ ቦታ፣ ማለትም ከዚያ ዜሮ ወደሚለካ ቦታ መሄድ ነው። ቀጥ ብሎ በሚወርድ ዘንግ ላይ ብሬኩን ድራይቩ በሚሰጠው የብሬክ ምልክት በሪሌይ በኩል ይፍቱ፤ ከፒኤልሲው በራስ ግምት ከተፈታ ጭነቱ ይወርዳል። አላርም ሲመጣ ፕሮግራሙ ፐልሱን ያቁም፣ "ሆም ተደርጓል" የሚለውንም ምልክት ይሰርዝ። ይህ ከተረሳ ሞተሩ ቆሞ ፒኤልሲው ቆጠራውን ሊቀጥል ይችላል፤ ከዳግም ማስጀመር በኋላ የሚነበበው ቦታ ሐሰት ነው።

ሆም ሲያደርጉ ዘንጉ ከሴንሰሩ ከወጣ በኋላ የኢንኮደሩን ዜድ ምልክት (በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚመጣውን) የሚፈልግ ከሆነ፣ ዜድ ከሴንሰሩ ጠርዝ አጠገብ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ተጠግቶ ከሆነ አንዳንዴ የአሁኑን፣ አንዳንዴ የሚቀጥለውን ዜድ ይይዛል፤ ቦታውም ልክ በአንድ ሙሉ ዙር፣ በእኛ ምሳሌ በ10 ሚሊሜትር፣ ይዘላል። ሴንሰሩን ግማሽ ዙር ያህል ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ቦታው ቀስ በቀስ ሲሸሽ

ከሁሉ አድካሚው ይህ ነው። ሁለት ቁጥር ያነጻጽሩ፦ ፒኤልሲው የላከውን ፐልስና በድራይቩ ሞኒተር ላይ የሚታየውን የደረሰ ፐልስ። ሁለቱ ካልተስማሙ ችግሩ በመሃላቸው ነው፤ ሺልዱን፣ ግራውንዱንና የኬብሉን መንገድ ይመርምሩ፣ ፐልሱ ከግብዓቱ ወይም ከአውትፑቱ አቅም በላይ እንዳይሆንም ያረጋግጡ። ከተስማሙና ማሽኑ ግን ከሸሸ ካፕሊንጉ (ሞተሩን ከስክሩ ጋር የሚያያይዘው) ይንሸራተታል ወይም ቀበቶው ጥርስ ይዘላል፤ በሞተሩ ዘንግና በካፕሊንጉ ላይ አንድ ቀጥተኛ መስመር ቢያሰምሩ ያሳብቃል።

የቦታ ልዩነት አላርም (ሞተሩ ከታዘዘው ቦታ በጣም ሲዘገይ የሚመጣው) ሲደጋገም ማፍጠኛ ጊዜውን ያርዝሙ፣ የሚጨብጥ ነገር ካለም ይፈልጉ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ብቻ የሚመጣ የቮልቴጅ ብዛት አላርም ደግሞ ከጭነቱ የተመለሰ ኃይል ነው፤ ማቆሚያ ጊዜው ይርዘም ወይም የውጭ ብሬክ ሬዚስተር ይጨመር። ቆሞ የሚያፏጭ ወይም የሚንጫጫ ሞተር ካለ ጌይኑ (ድራይቩ ስህተትን የሚያርምበት ኃይለኝነት) በዝቷል፤ መጠነኛ ቅነሳ ካደረጉ በኋላ አውቶ ቱኒንጉን (ድራይቩ ጌይኑን ራሱ የሚያስተካክልበትን) እውነተኛው ጭነት ተያይዞ ይድገሙት።