ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፦ ልጁን የቀበረ ቤት እንዴት ይጽናናል?

ወጣት የሞተበት ቤት ለቅሶው ከባድ ነው፣ ለቅሶ ደራሹም ብዙ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ በየተራ እያደረ ሐዘንተኛውን ይጠብቃል። ፈተናው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ሰው እየሳሳ ይሄዳል፣ ከአርባ በኋላ ስልክ የሚደውልም ይጠፋል። እናትና አባት ልጃቸው እንደማይመለስ ከልብ የሚገባቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ለዚያ ጊዜ ነው። ሳቅ ወደዚህ ቤት ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ ግን ብዙ ወላጅ ልጁን የከዳ እየመሰለው ይሸሸዋል። ስለዚህ ሐሳባችን አንድ ነው፤ ለልጁ በቤቱ ውስጥ ቦታ ስጡት፣ ያኔ ደስታውም ያለ ጸጸት ይገባል።

አስቀድሞ ሰውነትን

ለቅሶ ቤት ቡና ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ይፈላል። የጠጣነው ቡና ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጠጣ ቡና ሌሊቱ 7 ሰዓት ላይም ግማሽ ኃይሉ ሳይለቅ እንቅልፍ ይነሣል። ሐዘንተኛው ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣ፤ ስኒውን ለእንግዳው ብቻ አቅርቡ። አረቄና ቢራ ቶሎ ያስተኛሉ፣ ነገር ግን እንቅልፉን ሌሊት ላይ ይሰብሩታል፤ በማግስቱም ሐዘኑ ይብሳል።

እንጀራ አልዋጥ ያለው ሰው አጥሚት ይጠጣ። አራት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ ጣዱት፤ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል አብስሉት። ዱቄቱን በፈላ ውኃ ላይ ከጨመራችሁት ይጓጉላል፣ የተጓጎለውን ደግሞ ሐዘንተኛ ጉሮሮ አይቀበለውም። ትንሽ ጨው ወይም ማር አድርጋችሁ በየሦስት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ስጡ። “ብላ” ብሎ መለመን ብዙ አይሠራም፤ ብርጭቆውን እጁ ላይ ማስያዝ ይሻላል።

የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሐዘንተኛ ካለ፣ ሰዓቱን የሚያስታውስ አንድ ሰው በስም ተመድቦ ይከታተል። “ሁሉም ያስታውሰዋል” ከተባለ ማንም አያስታውሰውም። ከባድ ሐዘን ልብን በእውነት ሊያውክ ይችላል፤ ስለዚህ ደረት የሚያፍን ሕመም ሲመጣ “ልጄ ነው የሚያቃጥለኝ” ተብሎ አይታለፍ፣ ወዲያው ሐኪም ይየው። በጾም ወቅት ከሆነ የንስሐ አባትን ማማከር ነው። ለደከመ ሰው የሚሆን መንገድ ያሳያሉ።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ 20 ወይም 30 ደቂቃ መራመድ፣ ቢቻል ከሌላ ሰው ጋር፣ ለእንቅልፍም ለመንፈስም ከምናውቀው ሁሉ ቀላሉ መድኃኒት ነው።

የልጁን ዕቃ ማንም አይበትነው

ብዙ ጊዜ አዛኝ ዘመድ “ባየችው ቁጥር ትቃጠላለች” ብሎ በሳምንቱ ክፍሉን ያጸዳል፣ ልብሱን ለችግረኛ ይሰጣል። አሳቡ ደግ ነው፣ ጉዳቱ ግን አይመለስም። ቢያንስ እስከ ሰማንያው ቀን ምንም ነገር ከቤት አይውጣ። ከዚያም ወላጆች ራሳቸው በሦስት ይክፈሉት፦ የሚቀመጥ፣ ለእህት ወንድምና ለጓደኛ የሚሰጥ፣ ገና ያልተወሰነ። ሦስተኛው ክምር ለዓመትም ቢቆይ ማንንም አይጎዳም።

መጨረሻ የለበሰውን አንድ ልብስ አትጠቡት። አፉ በደንብ በሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ አስቀምጡት፤ የልጁ ጠረን ለወራት ይቆያል። ናፍታሊን ወይም ዕጣን አጠገቡ ካለ ሽታውን ይውጠዋል። ብዙ እናቶች በዚያ ልብስ ላይ አልቅሰው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ምንም ነውር የለውም።

ስልኩ ዛሬ ከአልበም ይበልጣል። የይለፍ ቁጥሩን የቅርብ ጓደኛው ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ እንጂ እየገመታችሁ ደጋግማችሁ አትሞክሩ፤ ስልኩ ይቆለፋል፣ አንዳንዱም ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ሲከፈት ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ በተለይ የድምፅ መልእክቶቹን በሁለት ፍላሽ ገልብጡና አንዱን ሌላ ቤት አስቀምጡ። አትዘግዩ፤ ቴሌግራም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተን አካውንት ራሱ ይሰርዛል፣ ያልተሞላ ሲም ካርድም ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። የፌስቡክ ገጹን ደግሞ ኩባንያውን ጠይቆ ወደ መታሰቢያ ገጽ ማስለወጥ ይቻላል፤ በልደቱ ቀን “እንኳን አደረሰህ በሉት” የሚል ማስታወቂያ ለሰው ሁሉ መላኩ ያኔ ይቀራል።

ስሙ ይጠራ

በለቅሶው ሰሞን ሙሾ አውራጇ ቁመናውን፣ ጸባዩን፣ ለእናቱ ያደረገውን ሁሉ ትናገርለታለች። ድንኳኑ ሲነሣ ግን ሰው ሁሉ እንዳያስለቅሳቸው ፈርቶ ስሙን መጥራት ያቆማል። ወላጅን ከምንም በላይ የሚጎዳው ይህ ዝምታ ነው። የእናት ሐሳብ ሁልጊዜም እሱ ዘንድ ነውና ስሙን ሲጠሩት አዲስ ነገር አታስታውሱአትም።

አንድ ደብተር ግዙ። የልጁን የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ አስተማሪውን፣ የሠፈሩን ባለ ሱቅ ቡና ጥሩና እያንዳንዱ ስለ እሱ አንድ ነገር እንዲጽፍ ወይም እንዲናገር ለምኑ። “ጥሩ ልጅ ነበር” ከተባለ “ምን አድርጎ?” ብላችሁ ጠይቁ። ወላጅ የማያውቀው ብዙ ነገር ይወጣል፦ ለማን ምሳውን ያካፍል እንደነበር፣ በምን ይሳሳቅ እንደነበር። በአብዛኛው በዚያ ቤት የመጀመሪያው ሳቅ የሚሰማው በዚህ ጨዋታ መካከል ነው።

ማልቀሻ ሰዓት፣ ማረፊያ ሰዓት

በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮበና ሄንክ ሹት በ1999 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ ሐዘኑን በጤና የሚሸከም ሰው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ሐዘኑ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ወጥቶ ኑሮውን ይይዛል። ሁልጊዜ ውስጥ መዋልም ሁልጊዜ መሸሽም ሰውን ይሰብራል። ይህን በተግባር ለማዋል በቀን 20 ደቂቃ ለይታችሁ ያዙ። ፎቶውን አውጡ፣ ድምፁን ስሙ፣ አልቅሱ፣ ጸልዩ። ሲያበቃ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሱና እጅ የሚያሠራ ነገር ጀምሩ፦ የሽሮ እህል መልቀም፣ ጥጥ መፍተል፣ አበባ ማጠጣት። ሰዓቱን ከመኝታ በፊት አታድርጉት፤ ሌሊቱን ሙሉ ይከተላችኋል።

ባልና ሚስት በአንድ ፍጥነት አያዝኑም። እሷ በግልጽ ታለቅሳለች፣ እሱ በሳምንቱ ሥራ ይገባል፤ እሷ “አልወደደውም” ትላለች፣ እሱ “ሌላ ነገር አይታያትም” ይላል። ብዙ ትዳር የሚላላው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሁለቱ ብቻቸውን መቃብሩ ጋ ወይም ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ አንድ ቦታ ሻይ ይጠጡ። ብዙ ማውራት ግዴታ አይደለም። አባት ሲያለቅስ “አንተ ከሆንክ እንዲህ እኛ ምን እንሁን” አትበሉት፤ ተዉት ያልቅስ።

ደስታን መጥራት

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትልቅ ደስታ አትፈልጉ። ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ቦታ “አእምሯችሁ እንዲያርፍ” ተብሎ የሚደረግ ጉዞ ብዙ ጊዜ የባዶ ወንበር ማሳያ ይሆናል። ትንንሽ ይሻላል፦ የጎረቤት ሕፃን ማቀፍ፣ ፀሐይ ላይ ፀጉር መሠራት፣ እሱ የሚወደውን ወጥ ሠርቶ ለጓደኞቹ ማብላት። ጥቁር ልብስ ከመውለቁ በፊት ሳቅ ቢያመልጣችሁ ሐዘናችሁ አልቀነሰም። ጥቁሩን መቼ እንደምታወልቁ የሚወስን ሌላ ሰው የለም፤ በዓመቱ የሚያወልቅ አለ፣ በአርባው የሚያወልቅም አለ።

ቀጥሎ እሱ የሚወደውን ነገር ለሌላ ወጣት ማድረስ ነው። ኳስ ይወድ ከነበረ ለሠፈሩ ቡድን ኳስ፤ ተማሪ ከነበረ መስከረም ላይ ለአምስት ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ። ለሙስሊም ቤተሰብ ሰደቃ ጃሪያ (ጥቅሙ የማይቋረጥ ምጽዋት) በስሙ ማድረግ፣ ለምሳሌ ውኃ ለሌለበት ቦታ ቧንቧ ማስገባት፣ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። አደራ፣ በአቅም ልክ ጀምሩ፤ “በስሙ ትምህርት ቤት እንሠራለን” ተብሎ የሚቀር ዕቅድ ሁለተኛ ሐዘን ይሆናል።

ዛፍ መትከል ብዙዎች ይመርጣሉ። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት አድርጋችሁ ቆፍሩ፣ የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡ፣ ዝናቡ ሲጠና ሐምሌ ላይ ወይራ ወይም ጽድ ትከሉ። አንድ ብቻ አትትከሉ፤ ሦስት ይሁኑ። በስሙ የተተከለ ብቸኛ ችግኝ በበጋ ቢደርቅ ወይም ፍየል ቢበላው እናትየው ልጇን ዳግም የቀበረች ያህል ይሰማታል። አጥር ይኑረው፣ በጋውን በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያጠጣ ሰው ይኑረው።

የቀሩት ልጆች

ልጅ ሲሞት እህትና ወንድም እናት አባታቸውንም ለጊዜው ያጣሉ። ትንሹን “ወንድምህ ተኝቷል” ወይም “አሜሪካ ሄዷል” አትበሉት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሞት እንደማይመለስ ገና አይገባውም፤ ተኝቷል ካላችሁት ራሱ መተኛት ይፈራል፣ አሜሪካ ሄዷል ካላችሁት ለምን አልደወለልኝም ብሎ ይቆጣል፣ እውነቱን ከሌላ ሲሰማ ደግሞ እናንተን ማመን ይተዋል። “ሞቷል። ሰውነቱ ሥራ አቁሟል። አይመለስም። አንተ ምንም አላደረግህም” በሉት፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሙለት።

ትልልቆቹን “ከእንግዲህ ያለኸን አንተ ነህ” አትበሏቸው። የሁለት ሰው ሕይወት እንዲኖሩ መፍረድ ነው። ከሐዘኑ በኋላ የተወለደ ልጅም ካሳሁን ወይም ምትኩ ቢባል ስሙ ያምራል፣ ነገር ግን በሟቹ ልክ እየተመዘነ እንዳያድግ መጠንቀቅ ነው።

ተዝካርና የከበዱ ቀናት

አርባውን ለመደገስ ተበድሮ ለሁለት ዓመት ዕዳ የሚከፍል ቤት ብዙ ነው። ለነፍሱ የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱና ምጽዋቱ ነው፤ በሬ መጣል ግዴታ አይደለም። ለ30 ነዳያን 60 እንጀራ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ ሽንኩርትና 1 ሊትር ዘይት ይበቃል። ይህን ለእድሩ ዳኛና ለታላላቅ ዘመዶች ቀደም ብሎ መንገር ሐሜቱን ያስቀራል።

የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ወይም ኢድ፣ የልደቱ ቀን፣ የእኩዮቹ የምረቃ ወቅት፤ ከቀኑ ይልቅ የዋዜማው ሳምንት ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሦስት ነገር ወስኑ፦ የት እንደምትውሉ፣ ማን አብሯችሁ እንደሚውል፣ ቢከብዳችሁ በየት እንደምትወጡ። የጓደኛው የምረቃ ጥሪ ሲመጣ “ለአንድ ሰዓት እመጣለሁ” ማለት በቂ ነው። ጎረቤቶችም ምረቃውን ከእነሱ አትደብቁ፤ ጥሩአቸውና መቅረቱን ለእነሱ ተዉ።

በስደት ላለ

ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገር፤ የግድ ከሆነ ከአጠገቡ ሰው ተቀምጦ፣ መኪና ሳይነዳ፣ ሥራ ላይ ሳይሆን ይነገር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቀጣሪዎች ለሐዘን የሚሰጡት ፈቃድ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ዕረፍት ከዓመት ፈቃድ ወይም ከሐኪም ማስረጃ ስለሚገኝ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው። ቀብሩ ላይ ያልተገኘ ሰው ባለበት ከተማ ለቅሶ ይቀመጥ። ልጃቸው በባሕር ወይም በበረሃ የቀረባቸው፣ ሬሳ ያልመጣላቸው ቤተሰቦችም ፎቶውን አቁመው፣ ካህን ወይም ሼህ ጠርተው ያልቅሱ፤ ያልተለቀሰ ሐዘን ዓመታትን ይጠብቃል።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የልጁን ድምፅ አንድ ጊዜ መስማት፣ መንገድ ላይ ያየነው መምሰል እብደት አይደለም፣ ብዙ ሐዘንተኛ ያጋጥመዋል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ከ6 ወር፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ ለአዋቂ ከ1 ዓመት በኋላም ሐዘኑ በየቀኑ ሰውየውን ሥራ ካስፈታው ሕክምና የሚሻ ነው ይላሉ። “ወደ እሱ ልሂድ” የሚል ሰው ካለ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፦ ብቻውን አትተዉት፣ ገመድ፣ የተባይ መርዝና የተከማቸ ክኒን ከቤት አውጡ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ በክፍለ አገር ጤና ጣቢያው ወደሚቀርበው ሆስፒታል ይልካል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ የሞተውን ልጅ ስም፣ የሞተበትን ቀንና ሐዘንተኛው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐዘንተኛው ራሱ ሊናገረው አቅም ያጥረዋል።