የጨረባ ወፍን ጎጆ መለየትና ሳያፈርሱ ማቆየት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በረንዳዎ ላይ የጭቃ ጎጆ ካዩ መጀመሪያ አፉን ይመልከቱ። ለሁለት የተከፈለ ሲኒ መስሎ ላዩ ክፍት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ሂሩንዶ የሚባለው የጨረባ ወገን ጎጆ ነው፤ ውሃ አጠገብ ከሆነ ባለ ክር ጅራቷን ጨረባ ይጠርጥሩ። ላዩ ተደፍኖ እንደ ጀበና አንገት የረዘመ መግቢያ ካለው ሴክሮፒስ የሚባለው ሌላው የጨረባ ወገን ጎጆ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት እያንዳንዱ የጭቃ እንክብል ይለያል፤ በመሃሉም አንዳንዴ የሣር ክር አለ።

ሞቃታማ እስያ ውስጥም ሂሩንዶዎች ክፍት ጎጆ ይሠራሉ። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ግሜሊን በ1789 እ.ኤ.አ. ሂሩንዶ ታሂቲካ የተባለችውን የጨረባ ዝርያ ሰየመ። የደቡብ ህንድና የስሪላንካ ተራሮች ጨረባ ቀድሞ የእሷ ንዑስ ዝርያ ትባል ነበር፤ አሁን ሂሩንዶ ዶሚኮላ ተብላ ተለይታለች።

ኩስ አስቸገረ ብሎ ጎጆ ማፍረስ ያሳዝናል። ኩሱን እንዲይዝ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ ከጎጆው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይምቱ፤ ከቀረበ ድመት መቆሚያ ያገኛል። የዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ጭቃ አይይዝም፣ ጎጆው ከነእንቁላሉ ይወድቃል። እዚያ፣ ግንባታው ሳይጀመር፣ ያልተላገ ትንሽ እንጨት ይቸንክሩ። ላባ ያወጡ ጫጩቶችን ግን አይቅረቡ፤ ደንግጠው ለመብረር ሳይደርሱ ይዘላሉ።